የአባዬን የሕይወት ታሪክ ተሳስቼ አነበብኩ

አባዬ ያረፈው ኅዳር 2011 ነው። ማታ ራቱን በላ፣ ዜና ሰማ፣ ሬዲዮኑን ዘግቶ ተኛ። ሌሊት ደም ግፊቱ ተነሳበት። ሆስፒታል ሳንደርስ መንገድ ላይ አረፈ። 62 ዓመቱ ነበር።

ጠዋት የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ድንኳኑ እየተተከለ ሳለ ከእድሩ ሽማግሌዎች አንዱ ጠጋ ብለው «የሕይወት ታሪኩን ማን ይጽፋል?» አሉኝ። የበኩር ልጅ እኔ ነኝ። «እኔ እጽፋለሁ» አልኩና ደብተር ይዤ ጓዳ ገባሁ። በ1949 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ገጠር ውስጥ ከእገሌና ከእገሊት ተወለዱ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቆምኩ። ሠላሳ ሰባት ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አጣሁት።

ይህን የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ ዝም ያለ አሮጌ ወታደር ላላቸው ሰዎች ነው። አባት ይሁን አያት ይሁን አጎት። እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች እናንተ እንዳትደግሟቸው ያህል ነው እንጂ ጸሐፊ ሆኜ አይደለም።

እኛ የምናውቀው አባዬ የትምህርት ቤት ጥበቃ ነው። ከ1986 እስከ 2009 ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሟል። በትርፍ ሰዓቱ የሰፈሩን ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናል። ከሰል ላይ ብረት አግሎ እርሳስ እያቀለጠ የተበጠሰ ሽቦ ያያይዛል። የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቶ ነፍስ ይዘራበታል። ሰው ገንዘብ ሲሰጠው ያፍራል። እማዬ ናት ከኋላ ሄዳ የምትቀበለው።

እማዬ ገበያ ስትውል የእህቴን ፀጉር የሚሠራው እሱ ነበር። ሹሩባው አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ልጆች ሲስቁባት «አባዬ ነው የሠራኝ» ትላለች፣ ያውም ደረቷን ነፍታ። ታናሽ ወንድሜ ኩፍኝ ሲይዘው ሦስት ሌሊት አቅፎት ቁጭ ብሎ ያደረው አባዬ ነው። ጠዋት ደግሞ ሥራው ላይ ነው፣ ቀርቶ አያውቅም።

አንድ ልማድ ነበረው። ሁላችንም ከተኛን በኋላ ጫማችንን ይሰበስባል። አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ፣ ማሰሪያውን ፈትቶ፣ ከየአልጋችን ግርጌ ይደረድረዋል። እንግዳ ቢመጣም የእንግዳውን ጫማ ጨምሮ። እኛ የሽማግሌ አመል ነው ብለን እንስቅበት ነበር። ያኔ ሽማግሌ እንኳ አልነበረም፣ አርባም አልሞላው።

ወታደር እንደነበረ እናውቃለን። እንዴት አናውቅም? በ1983 ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ግንቦት ላይ መንግሥት ሲለወጥ እማዬ የአባዬን የደንብ ልብስ ፎቶዎች አንድ በአንድ ምድጃ ውስጥ ስትከት አይቻለሁ። የወታደር ቤት መሆናችን እንዳይታወቅ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ግን ያውቃል። አባዬ ያኔ አስመራ ነበር። ወሬው ጠፋ። ሞቷል የሚልም፣ ሱዳን ገብቷል የሚልም አለ። በ1984 መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ የከሳ ሰው በር ቆረቆረ። እማዬ አላለቀሰችም፣ እልልም አላለች። ውሃ አሞቀች። እኔ ያንን ሰው ለሁለት ሳምንት «አባዬ» ብዬ መጥራት አቅቶኝ ነበር። አልጋው ላይ አልተኛም ብሎ መሬት ላይ ይተኛል።

ከዚያ ወዲያ ስለ ውትድርናው አልተነሳም። አሁን ሳስበው ዝምታው የእሱ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን «የደርግ ወታደር» ማለት ስድብ ነበር። መነኻሪያ ላይ የደንብ ልብስ ለብሶ የሚለምን ሰው ሲያጋጥመን አባዬ ኪሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይሰጥና ፍጥነት ጨምሮ ይሄዳል። እኔም ትምህርት ቤት የአባት ሥራ ስጠየቅ «ሬዲዮ ጠጋኝ» እል ነበር። አንድ ጊዜ ታናሽ ወንድሜ፣ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ምሳ ላይ «አባዬ ሰው ገድለህ ታውቃለህ?» አለው። አባዬ ጎርሶ የነበረውን ዋጠ። እጁን ታጠበ። ወጣ። ማታም ሲመለስ ስለ ነገሩ አላነሳም። እኛም ከዚያ ቀን በኋላ ምንም ጠይቀን አናውቅም።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። ሰዓት የለም፣ አስከሬኑ ሊወጣ ነው። ከዚህ በፊት ሌሎች ቀብሮች ላይ የሰማኋቸውን ቃላት መደርደር ጀመርኩ። «ለእናት አገራቸው ጥሪ ምላሽ ሰጥተው…» አልኩ። «በካራማራ ተራራ ጠላትን ድል ካደረጉት ጀግኖች አንዱ ነበሩ» አልኩ። ካራማራን ከየት አመጣሁት? አባዬ በየዓመቱ የካቲት 26 ጎህ ሲቀድ ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ኪሎ ቡና ይዞ ገጠር ወዳለች አክስቱ ይሄዳል። አንድ ዓመት ለምን ሁልጊዜ በዚህ ቀን እንደሚሄድ ስጠይቀው «ዛሬ ካራማራ ነው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። እኔም ከመጽሐፍ ያነበብኩትን አገናኘሁ። የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን መስከረም 1970 ያዘ፣ የካቲት 26 ደግሞ የኢትዮጵያና የኩባ ወታደሮች ካራማራን አልፈው ከተማዋን አስመለሱ። አባዬም እዚያ ነበረ ማለት ነው። በቃ፣ ጻፍኩት። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ሰው አለቀሰ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

በሰልስቱ ቀን አንድ ረጅም ሽማግሌ ከአዲስ አበባ መጡ። ድንኳኑ ጥግ ላይ ብቻቸውን ተቀመጡ። ወንድሜ ያነበብኩትን ወረቀት ሰጥቷቸው መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው ሲያነቡ አያቸዋለሁ። ከዚያ በእጃቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ጥሩ ጽፈሃል» አሉ። «ግን አባትህ ካራማራ አልነበረም።»

ተናደድኩ። የአባቴን ክብር ሊያጎድሉ የመጡ መሰለኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ ሌላ እንግዳ ለመቀበል ተነሳሁ። ሰውየው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሄዱ። ይህ ትልቁ ስህተቴ ሊሆን ነበር። ያዳነችኝ እህቴ ናት። በር ድረስ ሸኝታ ስልካቸውን ተቀብላለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ከሩቅ የሚመጣ፣ ማንም የማያውቀው፣ ጥግ ላይ የሚቀመጥ ሰው አለ። ያ ሰው የሟቹን ግማሽ ሕይወት ይዞ ነው የመጣው። ለእሱ ብቻ የሚሆን አንድ ደብተርና አንድ ረጋ ያለ ዘመድ መድቡ። ስም፣ ስልክ፣ ሟቹን የት እንዳወቀው። ሦስት መስመር ይበቃል። ሐዘኑ ላይ ያለው የቅርብ ቤተሰብ ይህን ሊያደርግ አይችልም፣ እኔ አልቻልኩም።

አርባው ካለፈ በኋላ፣ ጥር ላይ፣ አፍሬም ቢሆን ደወልኩ። «ስትደውል ቆየህ» አሉኝ። ቅዳሜ ሄድኩ። ከሴት ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ቡና ተፈላና ከጠዋት እስከ ማታ ሲነግሩኝ ዋሉ። ስልኬ እየቀዳ ነው፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ።

አባዬና እሳቸው የተገናኙት በ1969 ታጠቅ ጦር ሰፈር ነው። የእናት አገር ጥሪ ከታወጀ በኋላ ከየገጠሩ የመጣው ሚሊሺያ እዚያ ሲሠለጥን። «ብዙዎቻችን ከበረባሶ በቀር ጫማ አናውቅም» አሉኝ። «ቦቲ ሲሰጡን ማሰሪያውን ማሰር ያስተማረን አባትህ ነው። ስድስተኛ ክፍል የደረሰ እሱ ብቻ ስለነበረ የተማረ ነው ብለን ሁሉን ነገር እሱን እንጠይቃለን።» በዚያው ስድስተኛ ክፍል ምክንያት ነው ሬዲዮ የሰጡት። የሻምበሏ የሬዲዮ ኦፕሬተር ሆነ።

ሰው የጠገነውን ሬዲዮ ሁሉ ጆሮው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጠው ለምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ።

ስለ ጫማውም ጠየቅኳቸው። ሳቁ። ሐረር አጠገብ ሰፍረው ሳለ አንድ ሌሊት ተኩስ ተከፈተባቸው። በጨለማ ጫማ ተደባለቀ። አባዬ ሁለት የግራ እግር ጫማ አድርጎ ሬዲዮውን ተሸክሞ ሮጠ። ሲነጋ እግሩ ቆስሎ አበጠ። «ከዚያ ወዲያ ጫማውን ሳያዞር ተኝቶ አያውቅም። የኛንም ጭምር ያዞርልናል» አሉ። እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ደጅ ወጥቼ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ።

ጥር 1970 ሐረር ዙሪያ በነበረው ውጊያ አባዬ ጭኑ ላይ ፍንጣሪ መታው። ለኛ ከመኪና ወድቄ ነው ይለን ነበር፣ ብርድ ሲበረታ እግሩን ሲጎትት። ሐረር ሆስፒታል ተኛ። ሬዲዮውን የተረከበው የአገሩ ልጅ፣ ከአንድ ቀበሌ አብሮት የዘመተ ወጣት ነው። ሬዲዮ የሚነካካ ሌላ ሰው ስላልነበረ አባዬ ራሱ፣ ቃሬዛ ላይ ሆኖ፣ «ለሱ ስጡት፣ አሳይቼዋለሁ» አለ። ሻምበሏ ወደ ካራማራ ስትሄድ ሬዲዮውን የተሸከመው ያ ልጅ ነበር። አልተመለሰም። ጅጅጋ የተመለሰች ዕለት አባዬ ሐረር ውስጥ አልጋ ላይ ሆኖ ነው የሰማው።

«የልጁን እናት አረዳችኋቸው?» አሉኝ ሃምሳ አለቃው።

«የትኛዋን እናት?»

«ስኳርና ቡና የሚወስድላቸውን።»

አክስቱ አልነበሩም። በመኻላቸው ምንም የሥጋ ዝምድና የለም። አርባ ዓመት ሙሉ፣ ግንባር ላይ ካልሆነ በቀር፣ የካቲት 26 የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። እኛ ደግሞ ለቅሶ ስንቀመጥ «አሮጊት ናቸው፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ በኋላ እንነግራቸዋለን» ብለን ትተናቸዋል።

ከዚያ ቤት ስወጣ በማግስቱ ልሄድ ወስኜ ነበር። አልሄድኩም። ሥራ አለ፣ የልጅ ትምህርት አለ፣ መኪና የለም። በሚቀጥለው ሳምንት እያልኩ ጥር አለቀ፣ የካቲትም አለቀ። ይህን ስህተት ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይሞቃል። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ከእህቴ ጋር፣ የመንደሩን ሁለት ሽማግሌዎች ይዘን ገባን። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፣ በማለዳ፣ ከሰው ጋር። እማማ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ገና ሳንናገር እጃቸውን አነሱ።

«ተዉት፣ አውቄዋለሁ» አሉ። «የካቲት 26 እዚችው ደጅ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ሲመሽ ገባኝ።»

ስለዚህ፣ አባታችሁ በየዓመቱ ወይም በየወሩ የሚጎበኘው ሰው ካለ፣ ያ ሰው ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቁ። ዘመድ ነው ብላችሁ አትለፉት። ሲሞት ደግሞ መርዶውን መጀመሪያ ከሚሰሙት መካከል ይሁን። ስልክ የሌለው ሰው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚደርሰው። እማማ ግን አልተቀየሙንም። ከሣጥናቸው ውስጥ አንድ ፎቶ አወጡ። ሦስት ወታደሮች ናቸው፣ አንዱ ልጃቸው፣ አንዱ ሃምሳ አለቃው፣ አንዱ አባዬ። ሃያ ዓመቱ ነው። ይስቃል። እማዬ ሁሉንም ስላቃጠለችው ከዚያ ወዲህ የአባዬን የወታደር ፎቶ አንድም ጊዜ አይቼ አላውቅም ነበር። ለካ አንዱ እዚህ ተቀምጦልናል። በስልኬ አነሳሁትና ዋናውን እዚያው ተውኩት፣ የሳቸው ነው።

ስለ ወረቀት ጉዳይ ደግሞ ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሐዘን ላይ ሆኖ ወረቀት ማሰብ ነውር ይመስላል፣ አይደለም። አባዬ የትምህርት ቤቱ ጡረተኛ ስለነበረ እማዬ የጡረታ አበሉን ግማሽ፣ ማለትም 50 በመቶ፣ በትዳር ጓደኛነቷ ታገኛለች። ቀላል ነው ብለን ነበር። አምስት ወር ፈጀ።

መጀመሪያ የሞት ምዝገባውን አዘገየነው። የወሳኝ ኩነት አዋጁ፣ 760/2004፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። እኛ የሄድነው ሁለት ወር አልፎን ነው። ሁለተኛው የጋብቻ ማስረጃ ነው። አባዬና እማዬ በ1972 በሽማግሌ ነው የተጋቡት፣ እሱ እረፍት ወጥቶ በመጣ ጊዜ። የጋብቻ ወረቀት የሚባል ነገር ታይቶም አይታወቅ። ፍርድ ቤት ሄደን በምስክር ሚስትነቷን አረጋገጥን። ከምስክሮቹ አንዱ ከሽማግሌዎቹ በሕይወት የቀሩት ብቸኛው ሰው ናቸው። እሳቸውም ባይኖሩ ምን እናደርግ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ሦስተኛው ግን ያስቃል። አባዬ የጡረታ ቅጹ ላይ የሚስቱን ስም ሲሞላ የጻፈው የቤት ስሟን ነው። ራሱ ብቻ የሚጠራትን። መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ሌላ። ጉዳዩን የያዘችው ልጅ «እናታችሁ የትኛዋ ናቸው?» አለችን። እማዬ እዚያው ቢሮ ውስጥ ቀይ ሆነች። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ለማረጋገጥ ሌላ ወር ሄደ።

ይኸው ሁሉ ጣጣ አባዬ በሕይወት እያለ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ነበር። ወላጆቻችሁ ካሉ ሁለቱን ወስዳችሁ ጋብቻቸውን አስመዝግቡ። የድሮ ጋብቻም ይመዘገባል። መታወቂያውን፣ የጡረታ ደብተሩንና የባንክ ደብተሩን ጎን ለጎን አስቀምጡና ስሞቹን ፊደል በፊደል አስተያዩ። የወታደር መታወቂያ ካለ እሱንም ጨምሩ። የአባዬ ላይ የአያቴ ስም «ወልደ» የሚለውን አጥቶ ነው የተጻፈው። ለጡረታው ባያስፈልገንም፣ ሌላ ሰው ቤት ግን ስንት መዘዝ ያመጣ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ እንዴት ይጠየቃል ወደሚለው ልምጣ። ለአባዬ ረፍዷል። ነገር ግን ከሃምሳ አለቃው፣ በኋላም በእሳቸው በኩል ካገኘኋቸው ሁለት ሌሎች የቀድሞ ወታደሮች ጋር ተቀምጬ ብዙ ተምሬያለሁ።

ጦርነቱ እንዴት ነበር ብላችሁ አትጀምሩ። ጥያቄው በጣም ትልቅ ነው፣ መልሱ «እንዲያው ነው» ነው። ወንድሜ የጠየቀውን ጥያቄ ደግሞ ከናካቴው ተዉት። ምን ትበሉ ነበር? ጫማህ ልክህ ነበር? ማን ያኮርፋል? ደብዳቤ ማን ይጽፍልህ ነበር? እንዲህ ያለው ትንሽ ጥያቄ በር ይከፍታል። ሃምሳ አለቃው በኋላ ስለተዋጉበት የኤርትራ ግንባር፣ ስለ ናቅፋ፣ ስጠይቃቸው ዝም ይላሉ። «ናቅፋ ላይ ሌሊቱ ይበርዳል?» ስላቸው ግን ሁለት ሰዓት አወሩ፣ ስለ ብርዱ ጀምረው ደርግ ኤርትራ ውስጥ ስላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻና እዚያ ስለቀሩት ጓደኞቻቸው ጨረሱ።

ፊት ለፊት ተቀምጣችሁም አትጠይቁ፣ ምርመራ ይመስላል። ምናልባትም ምርመራ የደረሰበት ሰው ይሆናል፣ ከ1983 በኋላ ስንቱ ተሃድሶ እየተባለ ካምፕ ገብቷል። እጁ ሥራ ላይ ሲሆን፣ አብራችሁ ስትሄዱ፣ አተር ስትፈለፍሉ ይሻላል። እኔ ከአባዬ ጋር ስንት ሬዲዮ አብሬው ፈትቻለሁ! ካውያ የመሰለውን ብረት ይዤ አጠገቡ ተቀምጬ አንድም ጊዜ «ይሄን የት ተማርከው?» አላልኩትም። ይህቺ አንዲት ጥያቄ ሁሉንም ታወጣው ነበር ብዬ እገምታለሁ። እሺ፣ ላታወጣውም ትችላለች።

ዓመተ ምሕረት ቢሳሳቱ አታርሟቸው። ኤርትራ ውስጥ ያለችው አፋቤት በሻዕቢያ እጅ የወደቀችው መጋቢት 1980 ነው፣ ከሰዎቹ አንዱ ግን 1979 ነው ብለው ድርቅ አሉ። ልከራከር ብዬ ተውኩት። ቀኑን መጽሐፍ ውስጥ አገኘዋለሁ። ከአፋቤት ሲወጡ ውሃ ያጠጣቻቸውን ሴትዮ ግን መጽሐፍ ውስጥ አላገኛትም።

ዝም ሲሉ ደግሞ ዝም በሉ። «አይ ልጄ፣ ይቅር» ካሉ ይቅር። እማዬ እንደነገረችኝ አባዬ ሌሊት ይባንን ነበር። እሷ ነክታ አትቀሰቅሰውም። አንድ ጊዜ ነክታው ክንዷን ጠምዝዞት ስለነበረ ነው። አልጋው ግርጌ ርቃ ቆማ በስሙ ቀስ ብላ ትጠራዋለች፣ እስኪነቃ። ይህን ለሃያ ሰባት ዓመት ስታደርግ ከሦስታችን ልጆች አንዳችንም አላወቅንም። ቤታችሁ እንዲህ የሚባንን ሰው ካለ የእማዬን ዘዴ ሞክሩ። ሐኪም ዘንድም ይሂድ፣ ዛሬ ለዚህ ሕክምና አለ። ያኔ እኛ ጸበል ብቻ ነበር የምናውቀው።

የቀዳችሁትን ድምፅ ስልክ ላይ ብቻ አታስቀምጡት። የኔ ስልክ ታክሲ ውስጥ ጠፍቶ የሃምሳ አለቃውን የመጀመሪያ ቀን ወሬ ላጣው ነበር፣ እህቴ ቴሌግራም ላይ ላክልኝ ብላኝ ስለነበረ ተረፈ። ይቺ እህቴ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር። ፎቶ ካለ ከጀርባው ላይ በእርሳስ ስም ጻፉበት። በእስክሪፕቶ አይሁን፣ ወደ ፊት ለፊቱ ያልፋል። የምታውቋቸውን ሰዎች ስምም ጻፉ፣ እናንተ ስለምታውቋቸው ልጆቻችሁም የሚያውቋቸው አይምሰላችሁ።

የሙት ዓመቱ ኅዳር 2012 ደረሰ። ቄሶቹ ከጸለዩ፣ ሰው ከበላ በኋላ አዲሱን የሕይወት ታሪክ አነበብኩ። አራት ገጽ ሆኗል። ታጠቅ አለ፣ ሐረር አለ፣ ሁለቱ የግራ እግር ጫማ አለ። «ካራማራ ላይ አልነበሩም፣ ሬዲዮአቸው ግን ነበረ» የሚል አለ። በሽቦ አጥር ላይ የአልጋ አንሶላ እያሰጣ እማዬን ያገዘባቸው ቅዳሜዎች አሉ። ጠማማው ሹሩባ አለ። እማማን በሰው መኪና አስመጥተናቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሃምሳ አለቃው አጠገባቸው ናቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው ቅጂውን በጣታቸው እየተከተሉ። ፈተና ላይ የተቀመጥኩ ያህል ላበኝ።

ጨርሼ ስቀመጥ እጃቸውን አወጡ።

«አንድ ስህተት አለ» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። «ገጽ ሦስት ላይ ‘ዝምተኛ ነበሩ’ ይላል። ማን ነው ዝምተኛ? ሬዲዮ ላይ ከሱ የባሰ ወሬኛ አልነበረም። ሻለቃው ስንት ጊዜ ‘መስመሩን ልቀቅ!’ ብለው ጮኸውበታል።»

ሁላችንም ወደ እማዬ ዞርን። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ትስቃለች።

«እንግዲያ እኔ ቤት ሲደርስ ነዋ» አለች፣ «ባትሪው ያለቀው።»